የአርባ ሁለት ቁጥር ገዥ

«ዛሬም ያ ሰውዬ ቀረ?» አለች አይሪስ፣ ከኋላ ረድፍ ሆና የቴርሞሷን ክዳን እየጠመዘዘች።

«የትኛው ሰውዬ?» ቲልዳ ሃልስቴድ ዓይኗን ከሜዳው አላነሳችም።

«የኔድን ወንበር የሚገዛው ነዋ። ይኸው አራተኛ ጨዋታው። ገንዘቡን ከፍሎ የማይመጣ ሰው፣ ወይ ሀብታም ነው ወይ ሞቷል።»

«ወይ ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም ከሆነማ የክለቡ ቦርድ ውስጥ ያስገቡታል» አለች አይሪስ። ረድፉ ሁሉ ሳቀ፤ ቲልዳም አብራ ሳቀች። የቦርዱ ሊቀመንበር አባቷ እንደሆነ የማያውቅ በዚያ ረድፍ ላይ አልነበረም። ቢሆንም እንደዚህ የሚቀልዱት እሷ ፊት ነበር፤ እሷም ስለዚህ ትወዳቸው ነበር።

ከጎኗ ያለው አርባ ሁለት ቁጥር ወንበር ተጣጥፎ ቆሟል። ከባሕር የመጣው ነፋስ ያዘነበው ካፊያ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ቲልዳ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችበትም። አራቱንም ጊዜ ያንን ወንበር የገዛችው እሷ ነበረች፤ ይህን ግን አይሪስም አታውቅም፣ ኔድም አያውቅም።

ቲልዳ ወደ ትውልድ ከተማዋ ስኬልቢ ከተመለሰች ሦስተኛ ክረምቷ ነው። አባቷ በአሥራ አንድ ዓመቷ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሰደዳት፤ ከዚያ ሌላ አገር፣ ከዚያም ሌላ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስትመለስ አነጋገሯ የማንም ሰፈር አልነበረም። ዳቦ ስትገዛ ሻጩ «ለጉብኝት ነው የመጣሽው?» ይላታል። መመለሷ እውነት ይሁን ወይም መንገድ ላይ ያለች መሆኗን ጠዋት ጠዋት ራሷን ትጠይቃለች፤ መልስ አግኝታ ግን አታውቅም።

በመጀመሪያው ክረምት ከአባቷ ክቡር ትሪቡን፣ ከዚያ ሙቀትና መስታወት፣ ሸሽታ ወደብ በኩል ካለው ትሪቡን አርባ አንድ ቁጥርን ያዘች። አርባ ሁለት ላይ ኔድ ኮልቤክ ተቀምጦ ነበር። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረችው እናቱ ሠላሳ ዓመት ተቀምጣበት ስትሞት የተወችለት ወንበር ነው። ቲልዳ በጠባቡ ረድፍ ስትገባ ቀና ብሎ አያት። ከየት መጣሽ አላለም። «ጠጋ በይ፣ ነፋሱ ከዚያ በኩል ነው የሚገባው» አላት።

ኔድ ባሕር መሀል የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በገመድ እየወጣ ይጠግናል። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ ሁለት ሳምንት መሬት ላይ። የማይደርስባቸውን ጨዋታዎች ወንበሩን ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ በገዛበት ዋጋ፣ ሳንቲም ሳይጨምር። አንድ ነገር ብቻ ያስገድዳል፤ ገዥው ፖስታ ይዞ መግባት አለበት። «ለአርባ አንድ ቁጥር ስጥልኝ።»

እንዲህ ሆኖ ለአንድ ዓመት ተኩል ደብዳቤዎቹ በየሰዉ እጅ መጡ። አንዱን ነርስ አመጣችው። አንዱን ሆላንዳዊ የከባድ መኪና ሾፌር። አንዱን ደግሞ ኳስ ከተወለደ አይቶ የማያውቅ ቄስ፣ እሱም ቲልዳ አንብባ እስክትጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሜዳውን እያየ ጠብቆ፣ «መልካም ዜና ነው?» ሲል ጠየቃት። መልካም ዜና ነበር። «ዛሬ ከላይ ሆኜ ከተማዋን አየኋት፤ አውራ ጣቴ ትሸፍናታለች። አንቺን ግን አልሸፈነሽም» ይል ነበር ደብዳቤው።

ከዚያ የገና ምሳ መጣ። አባቷ ጎርደን ሃልስቴድ ኔድን በእንግዶቹ ፊት «ለመሆኑ ከገመድ ስትወርድ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጠየቀው። እንግዶቹ ሳቁ። ኔድ ወደ ቲልዳ ዞሮ አያት፤ ጥያቄው በዓይኑ ውስጥ ነበር። ቲልዳ ሳህኗን አየች። ኔድ ፍራፍሬው ሳይቀርብ ካፖርቱን ይዞ ወጣ።

በጥር ወር ክለቡ አዲስ ደንብ አወጣ። የዓመት ካርድ ያለው ሰው ወንበሩን በራሱ እጅ መሸጥ አይችልም። እመጣለሁ ብሎ እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ያላስታወቀ እንደሆነ ክለቡ ራሱ አውጥቶ ይሸጥበታል፤ ገዥው ማን እንደሆነም አይነገረውም። ኔድ ባሕር ላይ ሆኖ ስልክ እንደ ልብ አይሠራለትም፤ መሬት ላይ ሲሆንም ከገና ወዲህ ወደ ትሪቡኑ ዝር አላለም። ፖስታውን የሚይዝ ሰው ጠፋ። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ሁለት ላይ ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ተቀመጠና ጨዋታውን ሙሉ ራሱን ሲቀርጽ ዋለ፤ እግሩን ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ሰቅሎ። ቲልዳ በሚቀጥለው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ወንበሩ ለሽያጭ ሲወጣ ጠብቃ ገዛችው። ከዚያም ሌላውን ሐሙስ። ባዶውን ተወችው። ከጎኑ ተቀምጣ ዘጠና ደቂቃ ነፋሱን ቻለችው፤ ይገባኛል ብላ።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ አይሪስ ከስታዲየሙ አጠገብ ካለው የሥጋ ፓይ ቤት በር ላይ ጠበቀቻት። እጇ ላይ ፖስታ ነበር።

«ፖስታ ቤት መሰልኩህ ወይ አልኩት። እናቱን ስለማውቅ ብቻ ነው» አለች። «እንኪ። አሁን ፓዬን ሳይቀዘቅዝብኝ ልብላ።»

ቲልዳ የኔድን እጅ ጽሑፍ አወቀች። ከፓይ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቀደደችው።

«ቲልዳ፣

ደብዳቤዬን ወንበሬን ለገዛው ሰው እንዳልሰጠው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ በአይሪስ ልኬዋለሁ። ክለቡ ጽፎልኛል። ወንበሬ አራት ጊዜ ባዶ ውሏል። እኔ ብቀርም የገዛው ቢቀርም ለእነሱ አንድ ነው፤ በሩ ካልቆጠረ በእኔ ስም ይጻፋል። ዛሬ አምስተኛ ከሆነ ይወስዱታል።

የገዥውን ስም አልነገሩኝም፣ ግን እገምታለሁ። ወንበር ገዝቶ የማይቀመጥበት፣ ለማስለቀቅ ብቻ የሚገዛ ሰው በስኬልቢ አንድ ነው። አባትሽ ከጎንሽ ሊያስነሳኝ ከፈለገ መጥቶ ሊነግረኝ ይችል ነበር።

ዛሬ መሬት ላይ ነኝ፤ ግን ሐሙስ ባሕር ላይ ስለነበርኩ ወንበሬን ሸጠውብኛል። በዓሣ ገበያው በር ቆሜ ማን ይዞት እንደሚገባ አያለሁ። ማንም ካልመጣ የእናቴን ወንበር ከደጅ ሆኜ እሸኘዋለሁ። ከአንቺ ምንም አልጠይቅም። አንዴ ጠይቄሽ ዝም ብለሻል።

ኔድ»

ቦርሳዋ ውስጥ የዛሬው የአርባ ሁለት ቁጥር የመግቢያ ወረቀት ነበር። እንደ አራቱ ሁሉ ሳትጠቀምበት ልትተወው ያዘጋጀችው።

«አይሪስ» አለች፣ ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር። «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የሞተው ሀብታም።»

አይሪስ የጎረሰችውን ዋጠች። ፓይዋን በወረቀቱ ጠቀለለች። «አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ አገር ዞረሽ የተማርሽው ምንድን ነው? ደንቡን አላነበብሽም?»

«ከሥሩ የአባቴ ፊርማ ነበረበት። ፊርማውን አይቼ ዘጋሁት።»

«እሺ፣ አሁን ተነሺ። ወረቀቱን በሩ ላይ አስነኪ፣ ግቢ። ወንበሩ ተረፈ፣ ጉዳዩ አለቀ።»

ቲልዳ ደብዳቤውን አጠፈች። የመጨረሻው መስመር በጣቷ ሥር ነበር። «ወንበሩ ይተርፋል» አለች። «ዝም ማለቴስ?»

አይሪስ እጇን ዘርግታ የቲልዳን አንገት ልብስ አጠበቀችላት፤ እናቷ ለሞተባት ልጅ እንደሚደረግ ዓይነት፣ በዝግታ። ያ ዝግታ ከተግሣጹ ይልቅ አመማት።

*

ክቡር ትሪቡን ውስጥ ምሳ ቀርቦ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ጭጋግ የሸፈነው ሜዳ። ጎርደን ሃልስቴድ ልጁን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የበራው ከልቡ ነበር፣ ይህም ነገሩን ከባድ አደረገባት።

«መጣሽ! ወንበር አምጡላት። ኮፍያዋ ርሷል።»

«አልቆይም፣ አባዬ። ስለ አርባ ሁለት ቁጥር ነው።»

«እ፣ የዚያ ልጅ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደንብ ደንብ ነው፣ ቲልዳ። ለሁሉም ነው የወጣው። ሦስት ሺህ ሰው ወረፋ ይዞ ባዶ ወንበር በቴሌቪዥን ሲታይ ያሳፍራል። እኔ በእሱ ላይ ምንም አላደረግኩም።»

«አውቃለሁ። ያደረግኩት እኔ ነኝ። እየገዛሁ ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ።»

አባቷ ትንሽ አየት አደረጋትና ሳቀ፤ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። «እኔ ሳልጠይቅሽ ረዳሽኝ?»

ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። በዚያች ቅጽበት መሸሽ ትችል ነበር። ሳህን ማየትም ትችል ነበር፤ ሳህን ሞልቷል። ቀና ብላ ጠረጴዛውን ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«በገና ዕለት ኔድን ከገመድ ስትወርድ ምን ትሠራለህ ብለህ ጠየቅኸው። እነዚህ ሰዎች ሳቁ፣ እኔ ዝም አልኩ። መልሱን አምጥቼልሃለሁ። ከገመድ ሲወርድ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለእኔ ነው የሚጽፈው። እኔም እወደዋለሁ። ያን ቀን ማለት የነበረብኝ ይህ ነው። ዘገየሁ፣ ግን ይኸው አልኩት።»

ሹካዎቹ ቆሙ። አንዲት ሴት ብርጭቆዋን ልታነሳ ጀምራ ተወችው።

ጎርደን ልጁን በክንዷ ይዞ ወደ መስታወቱ ወሰዳት። «እኔ ከዚያ ነው የመጣሁት» አለ፣ በወደቡ በኩል ያለውን ትሪቡን እያሳየ። «የዓሣ ሣጥን በትከሻዬ ተሸክሜ። አሥራ አምስት ዓመት በውጭ አገር ያስተማርኩሽ ወደዚያ እንድትመለሺ ነው?»

«ለምን እንዳስተማርከኝ እኔም እንዳንተ ግራ ገብቶኛል። የትም ስቀመጥ ከየት መጣሽ ይሉኛል፤ ያንተ እንግዶች ሳይቀሩ። እዚያ ብቻ ነው ጠጋ በይ ያሉኝ።»

«ካርድሽ በእኔ ስም ነው ያለው» አለ አባቷ። አሁን የበራው ፊት ጠፍቷል። «ወደዚያ ከወረድሽ አዘጋዋለሁ። ቀልዴን አይደለም።»

«ዝጋው።»

ደረጃውን ስትወርድ መፍራቷን ታውቅ ነበር። ግን ከፍርሃቱ ሥር፣ ለረጅም ጊዜ የተሸከመችውን ነገር አንድ ቦታ አስቀምጣ የመጣች ያህል፣ እግሮቿ ቀለሏት።

*

ኔድ በዓሣ ገበያው በር አጠገብ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፊቱ ከነፋስ ቀልቷል፤ ፂሙ አድጓል። ሲያያት ከአጥሩ ተነሣ፤ ወዲያው ደግሞ እንደገና ተደገፈ።

«ማንም አልመጣም» አለ።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«አባትሽ የላከውን ሰው።»

ቲልዳ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችለት። ተቀበላት። ቁጥሩን አነበበ፤ ቀና አለ፤ እንደገና አነበበ።

«ከማን ወሰድሽው?»

«ገዛሁት። ዛሬም፣ አራቱንም ጊዜ።»

ከኋላቸው ሰዎች እየዘፈኑ አለፉ። ኔድ እስኪያልፉ ጠበቀ።

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለት ወር ሙሉ አባትሽን ስረግም ከረምኩ።»

«አታቋርጥ፤ ሌላ ምክንያት አያጣም።»

አልሳቀም። «ለምን ቲልዳ?»

«የሌላ ሰው ካፖርት እዚያ ላይ ማየት አቃተኝ። ስትመለስ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቅህ ፈለግኩ። ደንቡን አላነበብኩም። የእናትህን ወንበር በገዛ እጄ ላስወስድብህ ነበር።»

«መደወል ትችዪ ነበር።»

«እችል ነበር። አንተስ?»

ኔድ ጫማውን አየ። «እኔም እችል ነበር» አለ። «በየሳምንቱ ስልኩ ወደሚሠራበት የማማው እርከን እወጣና ቆሜ እወርዳለሁ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ አይደለም። ያን ቀን ያየሽው ሳህን ነው የሚመጣብኝ።»

«ሳልሞን ነበረበት። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ይታየኛል።» ትንፋሿን ሳበች። «አሁን ከላይ ነው የመጣሁት። እወደዋለሁ አልኳቸው። አሥራ ሁለት ሰው ድንች እየበላ ነበር።»

ከኔድ ዓይን ጥግ ፈገግታ ሊፈታ ጀምሮ ተመለሰ።

«ድንቹን ጨረሱት?»

«ሹካቸውን አወረዱ።»

«ገና አላመንኩሽም» አለ። ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም። «ነይ እንግባ። ሊጀመር ነው።»

የሚሽከረከረው የብረት በር ላይ ክላይቭ ነበር፤ ሃያ ዓመት በዚያ በር የቆመ ጠባቂ። ኔድ ወረቀቱን አስነካ። አረንጓዴ መብራት በራ፤ ብረቱ ጠቅ ብሎ ዞረና አሳለፈው። ቲልዳ ካርዷን አስነካች። ቀይ። እንደገና አስነካች። ቀይ።

«ካርድዎ ሞቷል፣ ሚስ ሃልስቴድ» አለ ክላይቭ፣ አፍሮ። «ከአምስት ደቂቃ በፊት ከላይ ደውለው ነበር። እኔ... ጫማዬ ተፈቶ ጎንበስ ልል እችላለሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል።»

«ክላይቭ፣ ጫማህ ማሰሪያ የለውም። ሥራህን ታጣለህ።»

ኔድ ከብረቱ ወዲያ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። በሩ ወደ ኋላ አይዞርም። ፊቱ ላይ፣ በገና ምሳ ላይ ያላየችው ነገር ታየ፤ ገና አላመንኩሽም ያለው ሰው ማመኑን።

«ቲልዳ...»

«ግባ» አለችው። «ግባና ተቀመጥ። ዛሬ ባዶ አይውልም።»

ከኋላ ያለው ሰልፍ ገፋ። ሰዎቹ በመሀላቸው አልፈው ኔድን ይዘውት ገቡ። ቲልዳ ኮፍያውን እስከምታጣው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው፤ ከዚያ ማየት የምትችለው ግድግዳ ብቻ ሆነ።

*

ፊሽካው ተነፋ። ከውጭ ሲሰማ ጨዋታው ሌላ ነገር ነው፤ መንገዱ ባዶ ነው፣ የባሕር ወፎች የወደቀ ድንች ይለቅማሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሃያ ሺህ ሰው አንድ ላይ ይተነፍሳል። ቲልዳ የአጥሩ ግንብ ላይ ተቀመጠች። ሲጮኹ ለምን እንደሚጮኹ ማወቅ አይቻልም። ከተማዋም ለእሷ እንዲህ ነበረች፤ ሁልጊዜ ድምፁን ትሰማለች፣ የሚሆነውን አታይም። ቢሆንም አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል። ይህን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ትንሽ ቆይቶ የመውጫው ትልቅ በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ክላይቭ ከውስጥ ሆኖ ገፋው። ኔድ ብቻውን ወጣ።

ቲልዳ ብድግ አለች። «ምን ሆንክ? ተመለስ! ወንበሩ...»

«በሩ ቆጥሮኛል» አለ ኔድ። «ደንቡ ግባ ነው የሚለው፤ ቆይ አይልም።»

«አንብበኸዋል?»

«ሦስት ጊዜ። ፊርማውንም ጨምሬ።»

«አንዴ ከወጣህ መግባት የለም።»

«ክላይቭ ነግሮኛል። አይሪስም ነግራኛለች፤ እሷ ያለችኝን ግን ለአንቺ አልደግመውም።» መጥቶ ፊቷ ቆመ። ይተነፍስ የነበረው እንደሮጠ ሰው ነው። «ሰባት ደቂቃ ተቀመጥኩ። የአንቺ ወንበር ከጎኔ ባዶ ነበር። ዳኛውን ለማየት እሞክራለሁ፣ ኳሱን ለማየት እሞክራለሁ፣ ዓይኔ ወደዚያው። ሰባት ደቂቃ ነው የቻልኩት። አንቺ አራት ጨዋታ ሙሉ እንዴት ቻልሽው?»

ቲልዳ እጁን ያዘች። ገመድ ያደነደነው እጅ ነው፤ ቀዝቅዟል፤ አጥብቆ መለሰላት።

«አባትሽ መስታወቱ ጋ ቆሞ ነበር ስወጣ» አለ ኔድ። «ሁለቱን ወንበሮች ያያል።»

«ይያቸው።»

«ከእንግዲህ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሰኞ ሄጄ ለካርድ ወረፋ እይዛለሁ። በራሴ ስም። ከፊቴ ሦስት ሺህ ሰው አለ።»

«ሦስት ሺህ ሰው? ስምሽ እስኪደርስ ፀጉርሽ ይሸብታል።»

«ይሽበት። የትም አልሄድም።»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ መንገዱ ላይ ሲቀር ሰማችው። እንደ ልማዷ፣ ከውስጥ የሚነሣውን ጥያቄ ጠበቀች፤ እውነትሽን ነው ወይ የሚለውን። ከግድግዳው ወዲያ ሃያ ሺህ ሰው ጮኸ፤ ይግባ ይሳት ሁለቱም አላወቁም፣ ሁለቱም አልጠየቁም። ቲልዳ የኔድን እጅ ይዛ ጠበቀች። ጥያቄው አልመጣም።